ማተብና ፊርማ፦ የሰንጋ ተራ ትዝብቶች

1

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል። ታክሲው በልደታ ማርያም በኩል ሲያልፍ ተሳፋሪው ያማትባል። ሾፌሩ አንድ እጁን ከመሪው ያነሣል። ረዳቱ ሒሳብ መቀበሉን ትቶ ይሳለማል። ወዲያው ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ከታሪፉ በላይ ይጠይቃል። አንድ ተማሪ «ታሪፉ ይህ አይደለም» አለው። «በማለዳ ለዚህች ነው የምትጨቃጨቀው?» ብለው ዝም ያሰኙት አብረውት ያማተቡት ናቸው።

2

ሰንጋ ተራ ላይ የከብት ገበያ ከቀረ ቆይቷል። የጭቃ ቤቶቹ የፈረሱት ግን በቅርቡ ነው። በቦታቸው የባንክ ዋና መሥሪያ ቤቶችና የ40/60 ቤቶች ቆመዋል። በየካቲት 2014 የተመረቀው የንግድ ባንክ ሕንፃ ከ200 ሜትር በላይ ይረዝማል። እዚህ ሰፈር የሚሠራ ወጣት አንገቱ ላይ ሁለት ማሰሪያ አለ፤ የመሥሪያ ቤቱ ባጅና ማተቡ። ባጁ ከሸሚዙ በላይ ይታያል። ማተቡ ከሸሚዙ በታች ነው።

3

ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ በጣልያን ጥይት ተገደሉ። የተጠየቁት ብዙ አልነበረም። አርበኞቹን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙ፣ ሕዝቡም ለጣልያን እንዲገዛ እንዲነግሩ ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። አላሉትም።

አሟሟታቸውን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ በፊት የነበረውን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ጳጳሱ ከሰላሌ አርበኞች ጋር ነበሩ። አዲስ አበባን ለማስለቀቅ በዚያ ክረምት የተደረገው ሙከራ ከሸፈ። የዘመቱት ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ እሳቸው ተያዙ። ሞት የመጣባቸው ቤታቸው ተቀምጠው አልነበረም።

4

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ሰዎች ታፈኑ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ዑራኤል አካባቢ ካለች ቤተ ክርስቲያን አስተምረው ሲወጡ ነው የተወሰዱት። በዚያው ሌሊት ተገደሉ።

ከዚያ በፊት ታስረው ተፈትተዋል። ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተከፍቶላቸው ነበር፤ ታንዛኒያ ልትቀበላቸው ዝግጁ ነበረች። ምእመናኑ በመከራ ላይ ሳሉ መሪያቸው አይሸሽም ብለው ቀሩ። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ ከእሳቸው ሞት በኋላ አሥር ዓመት ገደማ ታስረዋል። ስለ ቄስ ጉዲና የሚናገር ሁሉ የእሳቸውን አንድ ሌሊት ይተርካል። የወይዘሮዋን አሥር ዓመት በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፈዋል። እኔም አሁን አለፍኩት።

በቀን መቁጠሪያው ላይ 21 እና 22 ጎን ለጎን ናቸው። በሁለቱ ሞቶች መካከል 43 ዓመት አለ።

5

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ባለ ቡና ቤት ሁለት ወጣቶች አገኘሁ። አንዱ ኦርቶዶክስ ነው። ስለ አቡነ ጴጥሮስ ጠየቅሁት። ሰዓታቸውን ጥይት እንደበሳው ሳይቀር አጫወተኝ። ስለ ቄስ ጉዲና ጠየቅሁት። «የእነሱ ናቸው» አለ።

ጓደኛው የወንጌላውያን አማኝ ነው። ስለ ቄስ ጉዲና ብዙ ነገረኝ። ስለ አቡነ ጴጥሮስ ስጠይቀው «እሳቸው እንኳ ለአገር ነው...» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው።

ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው። ሒሳቡን እኔ ካልከፈልኩ እየተባባሉ ተጓተቱ።

6

አቡነ ቴዎፍሎስ ፓትርያርክ ነበሩ። ደርግ በየካቲት 1968 ከመንበራቸው አንሥቶ አሰራቸው። አዲስ ፓትርያርክ ሲሾም የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ሹመቱን አልተቀበለችም፤ የቀድሞው በሕይወት አሉ አለች። እዚህ በዓለ ሢመቱ ተከናወነ።

አቡነ ቴዎፍሎስ የተገደሉት በ1971 ክረምት ነው። ቄስ ጉዲናም በዚያው ክረምት። የሁለቱም ዐፅም ከራስ አሥራተ ካሳ ግቢ ወጣ፤ በ1984። የፓትርያርኩ ዐፅም ጎፋ ገብርኤል አረፈ።

በአንድ ክረምት የተገደሉ፣ በአንድ ግቢ አፈር ሥር 13 ዓመት የቆዩ ሁለት አባቶች ናቸው። ሁለቱን በአንድ ላይ የሚያስብ ጉባኤ ተጠርቶ አልሰማሁም።

7

በ1921 ዓ.ም. ካይሮ ላይ አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ጵጵስና ተሾሙ፤ አብርሃም፣ ጴጥሮስ፣ ሚካኤል፣ ይስሐቅ። አንድ ሹመት፣ አንድ አንብሮተ እድ። ጣልያን ሲመጣ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ ተገደሉ። ሚካኤል ጎሬ ላይ ተገደሉ። አብርሃም በ1930 ጣልያን የቤተ ክርስቲያን አለቃ አድርጎ ሲሾማቸው ሹመቱን ተቀበሉ።

«ቤተ ክርስቲያን ያለ እረኛ እንዳትቀር ብለው ነው» የሚሉላቸው አሉ። ክርክሩን ከልቤ ነው የምሰማው። በዚያን ሰዓት ምን እንደሚሰማ የማውቅ አይደለሁም። ነገር ግን የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት የተረሸኑት በግንቦት 1929 ነው። ሹመቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ልጆች በአቡነ ጴጥሮስ ስም በተሰየመ ትምህርት ቤት ይማራሉ። አራቱም አንድ ቀን መሾማቸውን የሚያውቅ ተማሪ እስካሁን አልገጠመኝም።

8

አንዲት የሒሳብ ባለሙያ አውቃለሁ። መሥሪያ ቤቷን አልጠራም። ለአንድ ግዢ ሦስት ፕሮፎርማ መጣላት። ማኅተማቸው የተለያየ ነው። የእጅ ጽሕፈታቸው አንድ ነው። ዕቃው ገና አልገባም፤ ገብቷል ተብሎ ተጽፏል። «ፈርሚ» ተባለች። ዕቃውን ሳላይ አልፈርምም አለች።

አለቃዋ ክፉ ሰው አይደለም። በደብሩ ሰበካ ጉባኤ ያገለግላል፤ የታመመ ሠራተኛ ሲኖር መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱ ነው። «እኔም እኮ ክርስቲያን ነኝ፤ ሥራና ሃይማኖት አታደባልቂ» አላት። ሦስት ጊዜ አስጠርቷት ሦስት ጊዜ ይህንኑ አላት። በሦስተኛው ላይ በሩን ዘግቶ «ለእኔ ብለሽ» አለ። ከበላይ የተያዘበት ነገር እንዳለ ገብቷታል።

ጥቅስ አልጠቀሰችለትም። አልተቆጣችም። «እጄ እምቢ አለኝ ጋሼ» ነው ያለችኝ እኔን።

ሌላ ሰው ፈረመ። እሷ በወሩ ወደ መዝገብ ክፍል ተዛወረች፤ መስኮት የለውም። የደረጃ ዕድገት ዝርዝር ሲለጠፍ ስሟ የለም። ምሳ ላይ «አክራሪ» ይሏታል። አንዷ ባልደረባዋ «ልጆች ያሉት ሰው እንዲህ አያደርግም» አለች። ልጆች አሏት። ሁለት።

9

በሐምሌ 19 የሚታሰበው ሕፃን ቂርቆስ ሦስት ዓመቱ ነበር። ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር የፈላ ውኃ ያለበት ጋን ፊት ቀረቡ። የጋኑን ድምፅ ሰምታ የደነገጠችው እናት ናት። ያጸናት ልጁ ነው። ገድሉ ይህንን አልደበቀም።

በዓሉን ለማክበር የሚሄዱ እናቶች ልጆቻቸውን በጀርባቸው አዝለው ነው የሚሄዱት። ስብከቱ ስለ ሕፃኑ ጽናት ይሆናል። ስለ እናትየው ፍርሃት ሲሰበክ የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

10

ቂርቆስ ሰፈር ከሰንጋ ተራ በእግር ይደረሳል። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. አይኤስ ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን የገደለበትን ቪዲዮ ለቀቀ። ከሟቾቹ ሁለቱ የዚህ ሰፈር ልጆች ነበሩ። ሥራ ፍለጋ ነው የወጡት። ለሰማዕትነት የወጣ አልነበረም። ድንኳን ተተከለ፤ ሙስሊም ጎረቤቶችም መጥተው አብረው አለቀሱ። በዚያው ሳምንት መስቀል አደባባይ ሕዝብ ወጣ፤ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ።

ሰማዕታት ተባሉ። ሥዕላቸው ተሣለ።

ያን ሰሞን ሁሉም ሰው አንድ ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ ነበር፤ እኔ ብሆንስ? ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ጮክ ብለው ይጠይቁ ነበር። ልጆቹ እዚሁ ሳሉ ሥራ ሲፈልጉ በራችንን አንኳኩተው እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም። ከዚያ በኋላም ልጆች በዚያው መንገድ መሄዳቸውን አላቆሙም። ደላላውም ከሰፈር አልጠፋም።

11

ጡረታ የወጡ አንዲት እናት። በደርግ ዘመን ቤታቸው ውስጥ ጸሎት ይደረግ ነበር። ሰው የሚገባው አንድ በአንድ፣ ሩብ ሰዓት እየተራራቀ ነው። ጀበና ይጣዳል፤ ፈንዲሻ ይቀርባል። የቀበሌ ሰው ከመጣ የቡና ጥሪ ነው። አንዳንዴ ዳቦ ይደፋና የልደት በዓል ይባላል።

«እንዴት ትዘምሩ ነበር?» አልኳቸው።

«በከንፈር» አሉ። አሳዩኝ። ድምፅ የለውም። ግጥሙ ግን ከከንፈራቸው ይነበባል።

12

የእሳቸው ልጅ አሁን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ በየሳምንቱ የጸሎት ፕሮግራም አለ። ድምፅ ማጉያ ገዝተዋል። አራተኛ ፎቅ ላይ የሌሊት ተራ የምትሠራ ነርስ አለች፤ እንቅልፏን የምትተኛው በዚያ ሰዓት ነው። ሁለት ጊዜ ለመነቻቸው። «ጠላት ነው የሚናገርብሽ» አሏት። ሌሊት ደግሞ የደብሩ ድምፅ ማጉያ አለ። ነርሷ እሱንም አመለከተች። «ከመቼ ወዲህ ነው ቅዳሴ የሚረብሽሽ?» አሏት።

ነርሷ ራሷ ኦርቶዶክስ ናት። የምትንከባከባቸው ሰዎች ከሁሉም ሃይማኖት ናቸው።

13

መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 በደርግ ተዘጋች። ሕንፃዋ ተወረሰ፣ ገንዘቧ ታገደ፣ መሪዎቿ ከአራት ዓመት በላይ ያለ ፍርድ ታሰሩ። ስትዘጋ 5,000 ገደማ አባላት ነበሯት። በ1983 ከድብቅ ወጥታ ስትቆጠር ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ።

አንድ የዚያ ዘመን ሽማግሌ ቁጥሩን በደስታ አይናገሩትም። «ያኔ የሚመጣ ሰው ምን እንደሚያስከፍለው ጠይቆ ነበር የሚመጣው» አሉኝ። ዛሬስ አልኳቸው። «ዛሬ ምን እንደሚያገኝ ይጠይቃል።» ወዲያው ደግሞ ተቆጡ፤ «ይህን ግን ሰው ለማሳፈር አትጻፍብኝ» አሉ። ሰው ለማሳፈር አልጻፍኩትም።

14

አሳሪው ሁልጊዜ እምነት የለሽ አልነበረም።

የ1948 ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጓል። የሙሉ ወንጌል አማኞች እንዲመዘገቡ ቢጠይቁ ተከለከሉ። በነሐሴ 1964 አዲስ አበባ ውስጥ ለአምልኮ ተሰብስበው ሳለ ከ200 በላይ ሰዎች ተይዘው ታሰሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በዙፋን ላይ ነበሩ። ከያዟቸው ፖሊሶች አብዛኞቹ አንገት ላይ ማተብ እንደነበረ መገመት አይከብድም።

ከዚያ አምስት መቶ ዓመት በፊት ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉ መነኮሳት ነበሩ። ለንጉሥ አንሰግድም አሉ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አስገረፏቸው፣ አስገደሏቸው። ንጉሡ ሃይማኖታዊ መጻሕፍት የደረሱ ናቸው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የመነኮሳቱን ገድል ወደ አማርኛ እስኪመልሱት ድረስ ስማቸውን የሚያውቅ ከሊቃውንት በቀር ብዙ አልነበረም።

አባ ገብረ ሚካኤል ከጎጃም ናቸው፤ ካቶሊክ ሆኑ። በ1840ዎቹ መጨረሻ ታስረው፣ ተገርፈው፣ በሰንሰለት ሞቱ። ያሳሰሯቸው በአቡነ ሰላማና በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ያሉ ክርስቲያኖች ናቸው።

ፈረንጅ አገርም እንደዚሁ ነው። አናባፕቲስቱ ፌሊክስ ማንዝ ዙሪክ ላይ እ.ኤ.አ. በ1527 ወንዝ ውስጥ ሰጠመ፤ ፈርዶ ያሰጠመው የተሐድሶዎቹ የከተማ ምክር ቤት ነው። መሠረተ ክርስቶስን የመሠረቱት ሚሲዮናውያን የእሱ ወገን ልጆች ናቸው።

በየቤቱ የሰማዕታት ዝርዝር አለ። የገደልናቸው ሰዎች ዝርዝር የተሰቀለበት ቤት አላየሁም።

15

በዚያው በደርግ ዘመን በከንፈር ይዘምሩ የነበሩት እናት መጽሐፍ ቅዱሶች የሚደበቁት ጎረቤት ቤት ነበር። እትዬ የሚሏቸው ጎረቤታቸው ኦርቶዶክስ ናቸው። መጻሕፍቱ በሞሰብ ውስጥ፣ በእንጀራ ሥር። አንድ ቀን ፈታሾች ገቡ። እትዬ ሞሰቡን ራሳቸው ከፍተው «ብሉ እንጂ ልጆቼ» አሏቸው። አንድ እንጀራ አንሥተው ሰጧቸው። ሌላ እንጀራ ቢነሣ መጻሕፍቱ ይታዩ ነበር።

«ለምን ይህን አደረጉ?» ተብለው ተጠይቀው ያውቃሉ። «ጎረቤቴ አይደለች?» ብቻ ነው መልሳቸው።

የእትዬ የልጅ ልጅ ስልኩ ላይ ስለ ሌላው ሃይማኖት የሚጽፈውን አሳየኝ። ኩራት ይታይበታል። የሞሰቡን ታሪክ ያውቃል። ሁለቱን አያገናኛቸውም።

16

ያኔ ወንጌላዊ ሆኖ መሞትም ችግር ነበረው። በየደብሩ መቀበሪያ አይፈቀድም ነበር። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሬሳውን እስከ ደጅ ይሸኛል። ከደጁ በኋላ ሬሳው ሌላ ቦታ ይሄዳል። ይህን የነገሩኝ የዕድር ዳኛ «እስከ ደጅ ግን እንሸኝ ነበር» የሚለውን ሁለት ጊዜ ደገሙት።

17

በደርግ ዘመን የቀበሌ ስብሰባ እሁድ ጠዋት ይጠራ ነበር። የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል። የስኳርና የዘይት ኩፖን ያለው በዚያው ቀበሌ እጅ ነው። ስኳሩን ትተው ቅዳሴ የሚያስቀድሱ ነበሩ።

ዛሬ የኮንዶሚኒየሙ ስብሰባ እሁድ ጠዋት ነው። ስም የሚይዝ የለም። አዳራሹ ይሞላል። አጀንዳው የመኪና ማቆሚያ ነው።

18

ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን መፈክር አላሰማም በማለቱ ሰባት ዓመት ታስሯል። መዝሙሮቹ በካሴት እየተገለበጡ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። ካሴቱ የተገኘበት ሰው ይጠየቅ ነበር። አሁን ከመዝሙሮቹ አንዱ የአንድ ባለሥልጣን የስልክ ጥሪ ነው። ስብሰባ ላይ ሲጮህ ሰማሁት። ስልኩን ዘጋና ሠራተኞቹን ወዳልተጠና ዕቅድ መለሳቸው፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ አጸደቁት። እጅ ያላወጣ አልነበረም።

19

የእሁድ ፕሮግራም፣ የምስክርነት ሰዓት። አንዱ ቪዛ አገኘ። አንዷ ኮንዶሚኒየም ወጣላት። አንዱ ከመኪና አደጋ ተረፈ። ጉባኤው እልል ይላል፤ ደስታው እውነተኛ ነው፤ እኔም ደስ ብሎኛል።

የሒሳብ ባለሙያዋን አሰብኳት። «የደረጃ ዕድገቴን አጣሁ» ብላ ማይክራፎን ብትይዝ ጉባኤው ምን እንደሚል አላውቅም። በደብራችንም የስለት ማስታወቂያ እንደዚሁ ነው፤ ያገኘ ሰው ነው የሚጠራው።

20

ልደታ ፍርድ ቤት ምስክር ከመናገሩ በፊት ይምላል። ብዙ ዘመን የሠሩ አንድ ጠበቃ እንዲህ አጫወቱኝ፦ በመሐላው ሰዓት እጁ የሚንቀጠቀጠው ብዙውን ጊዜ እውነቱን የሚናገረው ሰው ነው። የለመደው ሰው እጅ ጸጥ ያለ ነው።

አንድ ሰው አይረሳቸውም። መጽሐፉ ሲቀርብለት እጁን መልሶ ኪሱ ከተተ። «ያየሁት ነገር የለም፤ በዚህ ላይ አልምልም» አለ። ያመጣው የገዛ አጎቱ ነበር። ሲወጡ አጎትየው ደጅ ላይ «ማተብ የለህም!» ብሎ ጮኸበት።

21

ሕንፃ ሥራ ላይ አንድ የቀን ሠራተኛ። ሲሚንቶ ወደ ላይ ይሸከማል። ዐቢይ ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምስም። መሐንዲሱ ራሱ ጾመኛ ነው፤ «አንተ ሠራተኛ ነህ፣ ይፈቀድልሃል» አለው። ሠራተኛው ሳቀ። በዘጠኝ ሰዓት ሽሮውን ሲበላ አጠገቡ ላለው ሙስሊም ባልደረባው ቆርሶ ሰጠው። በረመዳን ተራው ይገለበጣል አሉኝ፤ ያኔ የሱን ሸክም ይህኛው ያግዘዋል።

እዚያው መንገድ ማዶ በሚገኝ ሆቴል የጾም ቡፌ አለ። የምግቡ ዓይነት ከፍስኩ ይበልጣል። ምስር የሚሸጠው ነጋዴ ጾም በገባ ሳምንት ዋጋ ጨመረ። እሱም ይጾማል።

22

የሰንጋ ተራ ቤታቸው ሲፈርስ ጀሞ የተሰጣቸው አንዲት ባልቴት አሉ። ወር በገባ በ1 ልደታ ማርያም ይመጣሉ። ጀሞም ቤተ ክርስቲያን አለ። ጉልበታቸው ያማቸዋል። ልጃቸው «እዚያው ይሳለሙ እንጂ» ይላቸዋል። ለምን እንደሚመጡ ጠየቅኋቸው። ስለ ታቦቱ ይነግሩኛል ብዬ ነበር። «የጽዋ ማኅበሬ እዚህ ነው» አሉ። ከማኅበሩ አባላት ሁለቱ የአልጋ ቁራኛ ናቸው፤ ሌላ የሚጠይቃቸው የለም። ከቅዳሴ በኋላ ዳቦ ይዘው ወደ እነሱ ነው የሚሄዱት።

ማኅበሩ ሲጀመር አሥራ ሁለት ነበሩ። የሚዞረው ጽዋ አልቀረም።

23

የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በሚያዝያ 2005 ለቀላል ባቡሩ መስመር ሲባል ከቦታው ተነሣ። አይመለስም ብሎ ያልፈራ አልነበረም። ጋዜጣው፣ ሬዲዮው፣ ታክሲው ሁሉ እሱን ያወራ ነበር። በጥር 2008 ተመለሰ። አሁን ከሥሩ የማየው ሰው በአብዛኛው መንገድ ለመሻገር የሚጠብቅ ነው።

24

ያቺ የሒሳብ ባለሙያ አሁንም መዝገብ ክፍል ናት። በቅርቡ ባልደረቦቿ ዕቁብ ሊያቋቁሙ ተሰበሰቡ። ገንዘቡን ማን ይያዝ ሲባል አንድ ሰው ስሟን ጠራ። የተቃወመ የለም። «አክራሪ» ከሚሏት አንዷም እጇን አወጣች። ፕሮፎርማው ላይ በእሷ ምትክ የፈረመው ሰውም «ከእሷ በቀር አላምንም» አለ።

ኃላፊነቱን ተቀበለች። አንድ ነገር አስቀድማ ጠየቀች፦ ያልከፈለ ሰው ከፍሏል ተብሎ እንዲጻፍለት አይለምናት። ሁሉም ተስማማ። በሁለተኛው ሳምንት አለቃዋ ብሩ እንዳልደረሰለት ነግሮ ለዛሬ ብቻ እንድትጽፍለት ጠየቃት። አልጻፈችም። ከዕቁቡ ወጣ፤ ሦስት ሰዎችም ተከትለውት ወጡ። የቀሩት እየከፈሉ ነው።